የግራው ወንበዴ ዓይን

ነጋ ያን ሳምንት መቀመጫ አጣ። አትላንታ ዳር፣ ሊልበርን ካለው ቤቱ ሳሎን ይገባል፣ ይወጣል፤ ፍሪጁን ይከፍታል፣ የፈለገው ነገር እንደሌለ ትዝ ሲለው መልሶ ይዘጋል፤ ጋራዥ ገብቶ ባዶውን ግድግዳ አይቶ ይመለሳል። ሚስቱ ዘሪቱ ሁለት ቀን ታገሰችውና በሦስተኛው፣ «ሰውዬ፣ ወይ ቁጭ በል፣ ወይ ሣሩን እጨድ» አለችው። ሣሩን አጨደ። የራሱ ሲያልቅበት የጎረቤቱን ጀመረ። ጎረቤቱ በመስኮት አይቶ በግርምት እጁን አውለበለበለት።

ነገሩ ምን መሰላችሁ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጋረጃ ሊገለጥ ነው። ከመጋረጃው ኋላ ነጋ የሣለው የስቅለት ሥዕል አለ። ሥዕሉ ላይ ከጌታ በስተግራ የተሰቀለው ወንበዴ ደግሞ የነጋን የሠላሳ ዓመት ወዳጅ፣ የስምዖንን ፊት ይዟል። ያውም በአንድ ዓይን። ማንም አልተሳሳተም፤ ነጋ ራሱ ሆን ብሎ፣ ተናዶ፣ እንዲያውም ደስ እያለው ነው ያደረገው። አሁን እሁድ ሳይደርስ ሊያጠፋው ይፈልጋል፤ ግን ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ የበሩ ቁልፍ ያለው ስምዖን ዘንድ ነው፣ የነጋም ቀኝ ዓይን ጠፍቷል። ታዲያ ይሄ ሰው እንዴት ይቀመጥ?

የአንድ ዓይኑን ነገር ለማያውቅ ላስረዳ፤ የሚያውቅ ይታገሰኝ። የነጋ አባት መሪጌታ ሕሩይ ጣና ዳር የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ቀለሙን ከአፈርና ከቅጠል እየወቀጡ፣ አቡጀዲውን በሙጫ ግድግዳ ላይ እየለጠፉ ስንት መቅደስ ሥለዋል። ነጋ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ወደ አንድ ገዳም ይዘውት ሄዱና ከዕቃ ቤት የወጣ የብራና መጽሐፍ አሳዩት። አምስት መቶም ስድስት መቶም ዓመት አልፎታል ይባላል። ቅዱሳኑ ሁሉ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ፊት ለፊት ያያሉ። ክፉዎቹ ግን፣ ጌታን የሸጠው፣ የገረፈው፣ ሰይጣኑም ጭምር፣ ፊታቸው በጎን ተሥሎ አንድ አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። ነጋን የገረመው ሌላ ነው፤ ያቺው የክፉዎቹ አንድ ዓይን ራሷ ተፍቃለች። ስንት ዘመን መጽሐፉን የተሳለሙ ሰዎች በጣታቸው፣ በጥፍራቸው እየፋቁ አጥፍተዋታል። ብራናው እዚያ ቦታ ላይ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል።

«ለምን ፋቋት?» አላቸው።

«ሥዕል የሚታይ ብቻ ይመስልሃል?» አሉት አባቱ። «ያያል እኮ። ሁለት ዓይን ያለው ያይሃል፣ አንተም ታየዋለህ፤ በመካከላችሁ መንገድ አለ። ክፉውን ፊቱን የምናዞረው መንገዱን ለመዝጋት ነው። እሱ እንዳያይህ፤ አንተም አይተህ አይተህ እንዳትለምደው።»

ሌላም ሕግ ነበራቸው። የዓይኑን ብሌን ማግባት በእነሱ ቤት ዓይን መክፈት ይባላል፤ ከሥዕሉ ሁሉ መጨረሻ ላይ ነው የሚሠራው። መሪጌታ ዓይን በሚከፍቱበት ቀን እህል አይቀምሱም፤ ከሰው የተጣሉ እንደሆነ ደግሞ ሄደው ሳይታረቁ ብሩሽ አይነኩም። አንድ ጊዜ ከጎረቤት በድንበር ተጣልተው ሙሉ ሱባዔ አንዲት እመቤታችን ያለ ዓይን ቆማለች። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይሉና፣ «ሥዕልም ያው ጸሎት ነው» ብለው ይጨምሩበታል።

ነጋ እንግዲህ ከእኚህ ሰው ጉያ ወጥቶ ነው አትላንታ የገባው፤ በፈረንጆቹ ዘጠና ሁለት። መጀመሪያ ያገኘው ሥራ ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ጥበቃ ነበር፤ ስምዖንን ያገኘውም እዚያ ነው። ሁለቱም አዲስ፣ ሁለቱም ብርድ የማይችሉ፣ በሁለቱ መካከል ደህና ካፖርት አንድ። የውጪው ሺፍት የደረሰው ይለብሳል፤ ሌላው ቦክስ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ቲኬት ይቆርጣል። አንድ ክረምት እንደዚያ አለፈ። በኋላ ሁለቱም የየራሳቸውን ካፖርት ገዙ፣ አገቡ፣ ወለዱ፤ ያንን የጋራ ካፖርት ግን እስከ ዛሬ ማን እንደያዘው ይጨቃጨቃሉ።

ስምዖን የደሴ ልጅ ነው። ምላሱ አይደክምም፤ ለቅሶ ቤትም ቢሆን ያስቃል። ቀኝ ጆሮው ትልቅ ነው፤ ከላይ ደግሞ ልጅ ሆኖ ውሻ ነክሶት ተቦጭቃለች። አትላንታ ካለ ሐበሻ ያቺን ጆሮ የማያውቅ የለም። ይህን ያነሳሁት ለሐሜት አይደለም፤ ኋላ ስለምትፈለግ ነው።

ነጋ ኮንየርስ አንድ ዌርሃውስ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፎርክሊፍት ነዳ። ጎህ ሳይቀድ ገብቶ ስምንት ተኩል ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ጋራዡን ከፍቶ ይሥላል። ጋራዥ የሆነበት ምክንያት አለው፤ ዘሪቱ ኖርክሮስ ያለ የጴንጤ ቸርች አባል ናት፣ ቤቷ ውስጥ ሥዕል አይሰቀልም። ጋራዥ ቤት አይደለም ተባብለው ተስማሙና በሰላም ኖሩ። የልጃቸውንም ስም ያወጣችው እሷ ናት፤ ኤልሮኢ፣ የሚያየኝ አምላክ ማለት ነው። ነጋ ስሙን ወደደው። «አባቴም ይሄንኑ ነበር የሚሉት» አለ እንጂ አልተከራከረም።

ቤተ ክርስቲያኑ ኖርክሮስ ውስጥ የድሮ የምንጣፍ መጋዘን ነው። ምእመናኑ ገዝተው ሲያድሱት፣ ከመቅደሱ በስተጎን ላለው ትልቅ ግድግዳ ስቅለትን እንዲሥል ነጋን ጠየቁት። ለወጉ ያህል ብቻ «ላስብበት» አለ። በማግስቱ አቡጀዲ ሲገዛ ታየ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሠላሳ ዓመት ሲጠብቅ ምን ያስባል?

ዓይኑ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ጀምሮት ነበር። ሕመም የለው፣ መቅላት የለው፤ ብቻ ከቀኝ በኩል አንድ ሰው ቀስ እያለ መጋረጃ እንደሚስብበት ዓይነት። ዌርሃውስ ውስጥ ሁለት ጊዜ የመደርደሪያ ብረት ገጨ። ስኒ ሲያስቀምጥ ጠረጴዛው ቀድሞ ያልቅበታል። ለዘሪቱ አልነገራትም። ለስምዖን ነገረው፤ ነግሮም በእመቤታችን አስማለው። ስምዖን ማለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እንደ ዝንብ አላስቀምጠው አለ፤ «ሐኪም ሂድ፣ ዛሬ ሄድክ? ለምን አልሄድክም?» ነጋም፣ «ነገ እሄዳለሁ።» እንዲህ አራት ወር።

መጋቢት ውስጥ የሰበካ ጉባኤው ስብሰባ ተጠራ። ስለ መብራት ተወራ፣ ስለ ፓርኪንግ ተወራ፤ ሥዕሉ ላይ ሲደረስ ስምዖን ተነሣ።

«ነጋ ዓይኑን ታሟል» አለ። «መሰላል ላይ አይውጣ። ሥዕሉ እዚሁ ከተማ በፕሪንት ይሠራ።»

ስልሳ ሰው ወደ ነጋ ዞረ። ነጋ ፊቱ ተለዋወጠ። ተነሣና፣ «ዓይኔ አንሶኝ እንደሆነ ግንባር ያርገው» ብሎ ማለ። ይህን መሃላ ሲምል ቀኝ ዓይኑ ግንባር ሆኖ ካለቀ ቆይቷል። ቀሲስ ፍስሐ፣ አስተዳዳሪው፣ ሁለቱን አዩና፣ «ሠዓሊው ደህና ነኝ ካለ ደህና ነው» ብለው ስብሰባውን ዘጉ። ነጋ ሲወጣ ስምዖን እጁን ዘረጋለት፤ አልያዘውም።

ከዚያ ስድስት ሳምንት መተያየት ቀረ። ስምዖን ይደውላል፣ ነጋ አያነሣም። አንጀቱ አሯል። የሰጠው አንድ ሚስጥር ነበር፤ እሷንም ስልሳ ሰው ፊት አወጣት። ሥዕሉን ይሥላል፤ እመቤታችንን ሣለ፣ ዮሐንስን ሣለ፣ በቀኝ የተሰቀለውን ፈያታዊ ዘየማንን በሁለት ዓይን ሣለ። አቡጀዲውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ክንዱን አስደግፎ፣ አፍንጫው ሊነካ እስኪደርስ ተጠግቶ ስለሚሠራ የቀረችው ዓይን በቃችው። የቀረው የግራው ወንበዴ ብቻ ሆነ፤ ጌታን የሰደበው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ሲመጣ በደንብ በልቶ፣ ጋራዡን ከፍቶ ብሩሹን አነሣ። ስልኩ ጮኸ፤ የስምዖን ስም ነው። ስልኩን ገለበጠውና፣ «የሰው ሚስጥር የሰረቀ ምንድነው? ወንበዴ ነው» አለ ለራሱ። እጁ ሮጠ። ጎባጣዋ አፍንጫ መጣች፣ ትልቋ ጆሮ መጣች፣ ውሻ የነከሳት እንኳ አልቀረችም። ፊቱን በጎን አዞረው፤ ጠግቦ፣ ተናዶ፣ ሳይታረቅ አንዲቱን ዓይን ከፈተ። የአባቱን ሕግ በሙሉ በአንድ ሰዓት ጣሰ፤ ደስም አለው። አልዋሽላችሁም፣ እያፏጨ ነው ብሩሹን ያጠበው።

ሰኞ ሦስት ሰዎች መጥተው ሥዕሉን ጠቅልለው ወሰዱና ግድግዳው ላይ ለጠፉት። ፊቱን ልብ ብሎ ያየ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ሙጫና ጫፍ ሲያስተካክል ነው የዋለው። መጋረጃ ተንጠለጠለበት፤ እሁድ በጸሎት ሊገለጥ። ነጋ ሰኞን ደህና ተኛ።

ማክሰኞ ልጁ ኤልሮኢ መጣች። ፋርማሲስት ናት፣ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ነው የመጣችው። «አባዬ፣ አፖይንትመንት ሜክ አድርጌልሃለሁ፤ ለመነጽር ነው» ብላ ወሰደችው። መነጽር ብሎ ነገር የለም። ሐኪሙ ብርሃን አበራበት፣ ነጠብጣብ መብራት እያሳየ ቁልፍ አስጫነው፣ ለረጅም ጊዜ ወረቀት አየ። ግላኮማ ነው አለ። የቀኙ ከሞላ ጎደል ሄዷል፣ አይመለስም። ግራውም ጀምሮታል፤ በዓይን ጠብታ ሊቆም ይችላል። ጥቂት ወር ዘግይቶ ቢሆን ሁለቱም በሄዱ ነበር። እስከሚቀጥለው ምርመራ መኪና እንዳይነዳም ከለከለው።

ወደ ቤት እየነዳች መለሰችው።

«ዓይኔን እንዳመመኝ ማን ነገረሽ?» አላት።

«ጋሼ ስምዖን ነዋ። ላይክ፣ በየሳምንቱ ይደውልልኛል። ሚቲንጉ ላይ የተናገርኩት ከመሰላል ወድቆ ከሚሞት ቢጠላኝ ይሻላል ብዬ ነው አለኝ። እያለቀሰ ነበር፣ አባዬ። ሲሪየስሊ። እኔ ነኝ ቢዚ ሆኜ ያዘገየሁት። አይ ፊል ሶ ባድ።»

«መኪናውን አቁሚው።»

«ኤቲ ፋይቭ ሃይዌይ ላይ ነን እኮ።»

መውረጃ አጣ። ቀበቶውን ይፈታል፣ ያስራል፤ መስኮቱን ያወርዳል፣ ያወጣል። ኤልሮኢ በዓይኑ ምክንያት መሰላት። እሱ ግን የሚታየው ያ ፊት ነው፤ ያቺ ጆሮ፣ ያቺ በጎን የተከፈተች ዓይን። አፈረ። በስልሳ አንድ ዓመቱ እንደ ልጅ አፈረ።

ከዚያ ወዲያ ነው መቀመጫ ያጣው። ረቡዕ ለሱፐርቫይዘሩ እውነቱን ነገረው፤ ከፎርክሊፍቱ አውርደው ዕቃ ቆጠራ ላይ አስቀመጡት። ይሄ እንኳ አልከበደውም። ሐሙስ አንድ የሥራ ባልደረባውን ለምኖ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ሄደ፤ በሩ ተቆልፏል። በመስታወቱ ቢያይ መጋረጃው ብቻ ይታያል። ቁልፉ ስምዖንና ቀሲስ ጋ ነው። ቀሲስን ልጠይቅ አለ፤ ታዲያ ምን ብሎ? ለስምዖን ልደውል አለ፤ ስልኩን ያነሣል፣ ስሙ ጋ ሲደርስ ያስቀምጣል። እንደዚህ ሃያ ጊዜ። አርብ ሣር አጨደ።

ቅዳሜ ጠዋት ምግብ አልዋጥለት አለ። ዘሪቱን ኩሽና አግኝቷት ነገሩን አንድ በአንድ ነገራት። እሷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችው።

«እና አሁን ጣዖቴን ላስተካክል ብለህ ልታስነዳኝ ነው?»

«ዘሪቱ፣ እባክሽ።»

«ለሥዕሉ ቢሆን አልነዳም ነበር» አለች ቁልፏን እያነሣች። «ወንድምህን ልትታረቅ ከሆነ ግን እነዳለሁ።» እስከ ኖርክሮስ ድረስ ስለ ዕርቅ ጥቅስ ስትጠቅስለት ሄደች፤ ነጋም ላንዳንዱ አሜን አለ። እዚያ ሲደርሱ አልወርድም ብላ መኪናው ውስጥ ቀረች።

ቅዳሜ የጽዳት ቀን ነው፣ በሩ ክፍት ነበር። ከውስጥ የቫኪዩም ድምፅ ይሰማል። ነጋ የቀለም ሳጥኑን ደረቱ ላይ ታቅፎ ገባ። ወንበሮቹ ተሰልፈዋል፤ ስምዖን ጀርባውን ሰጥቶ ምንጣፉን ይጠርጋል። መጋረጃው ግማሽ ድረስ ተገልጧል።

ነጋ እዚያው የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ከማክሰኞ ወዲህ ልቡ እያወቀ ሲቀመጥ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ስምዖን ቫኪዩሙን አጠፋ። ዞሮ አላየውም።

«ጆሮዬን አሳምረህ ሥለኸዋል» አለ። «አፍንጫዬን ግን አበዛኸው።»

«መቼ አየኸው?»

«ረቡዕ፣ አቧራ ልጠርግ ስገባ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ያንተን ሚስጥር አንድ ጊዜ አውጥቼ ያገኘሁትን አግኝቻለሁ።» ገመዱን ጠቅልሎ አስቀመጠ። «ሦስት ቀን ቁልፉን ኪሴ ይዤ ዞርኩ። ይደውላል ብዬ።»

ነጋ ተነሣ፤ ሳጥኑን ወንበር ላይ ትቶ ሄደና የስምዖንን ጉልበት ሊይዝ ጎንበስ አለ። ስምዖን ትከሻውን ይዞ አቆመው።

«ይቅር በለኝ፣ ስምዖን።»

«ተው። ተቀይሜሃለሁ፣ አልዋሽህም። ይቅር እንድልህ ትፈልጋለህ፤ አሁን ብልህ ከአፌ ነው የሚወጣው፣ ከሆዴ አይወጣም። ሥራህን ሥራ፤ ነገ ሰው ይመጣል።»

መሰላሉን ራሱ አምጥቶ አቆመለት። ነጋ ሥዕሉ ፊት ቆመ። ጌታን ያየዋል፣ እመቤታችንን ያያታል፣ የቀኙን ወንበዴ ያየዋል። የግራው ወንበዴ ግን የለም። የጌታ ግራ ለሚያየው ሰው ቀኝ ነው፤ የነጋ ቀኝ ደግሞ ጨለማ ነው። የገዛ ክፋቱን ለማየት ፊቱን እስከ ትከሻው ማዞር ነበረበት። ዞሮ አየው። ያቺ አንድ ዓይን እሱን አታይም፤ ወደ ጎን፣ ወደ ባዶ ግድግዳ ታያለች።

«ፊቱን በሰማያዊ ላለብሰው ነው» አለና መሰላሉን ወጣ።

ጋራዥ ውስጥ ክንዱን የሚያስደግፍበት ጠረጴዛ ነበረው፤ መሰላል ላይ ምንም የለም። ብሩሹን ሲሰድ አየር ነካ። ደግሞ ሰደደ፤ አሁን ግድግዳው ሳያስበው መጣበትና ቀለሙ ደመናው ላይ ተረጨ።

«አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ሲባል አልሰማህም?» አለ ስምዖን ከታች። «አንተ ጭራሽ መሰላል ትወጣለህ።» ሁለተኛውን መሰላል አምጥቶ ከጎኑ አቆመና ወጣ። ትከሻቸው ተነካካ። «እኔ አይልሃለሁ። ግባ። ገና ነህ። አሁን ደረስክ።»

እንዲህ እየተባባሉ ፊቱን አለበሱት። ጆሮዋ ብቻ ስትቀር ሁለቱም ቆም ብለው አዩት። መስቀል ላይ ፊት የሌለው ሰው ተንጠልጥሏል።

«ይሄ ከበፊቱም ይብሳል» አለ ስምዖን።

«ሌላ ፊት እሥልበታለሁ፤ የማንም ያልሆነ።»

«በአንድ ዓይን?»

«ሕጉ ነው። ተሳድቧል።»

ነጋ ብሩሹን ይዞ ቀረ። አባቱ ሕጉን ሲነግሩት የሳቸውን ነገር ያለ ጥያቄ ነበር የተቀበለው፤ መንገዱን ዝጋ፣ ክፉው አይይህ። አሁን ግን አንድ ነገር ከነከነው። እሱ ራሱ ማክሰኞ ጠዋት ቢሞት ኖሮስ? ቂም ይዞ፣ በሐሰት ምሎ፣ ወዳጁን ወንበዴ አድርጎ ሥሎ። እሱን የሚሥል ሠዓሊ ፊቱን ወዴት ያዞረው ነበር? ከማክሰኞ ወዲህ ያሉትን የንስሐ ቀኖች ለኤልሮኢ ደውሎ የሰጠው ደግሞ ይሄው አጠገቡ መሰላል ላይ የቆመ ለፍላፊ ነው። የወንበዴውን ደረት አየ፤ የጎድን አጥንቱን ራሱ ነው የሣለው፣ ትንፋሽ እንደሚስብ ሰው ወጣ ወጣ አድርጎ።

«ፊቱን ወደዚህ ላዞረው ነው» አለ።

«ይቻላል?»

«አባቴ አይቻልም ይሉ ነበር።»

ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው። ጉንጩን ወደ ሰማዩ አሰፉት፣ አፍንጫውን መሀል አመጡት፣ ሁለተኛ ቅንድብ ጨመሩለት። ስምዖን ለአንዲት ሩብ ሰዓት እንኳ አፉን አልዘጋም፤ «ዝቅ፣ ዝቅ፣ ኧረ አገጩን ፍየል አታድርገው» ይላል። ዘሪቱ መታገስ ሲያቅታት ገብታ በሩ ላይ ቆመች፤ ሥዕሉን ላለማየት ወለሉን እያየች፣ ሁለት ጊዜ ግን ቀና ስትል ታይታለች። የቀሩት ሁለቱ ዓይኖች ብቻ ሆኑ። ነጋ ጥቁሩን ቀለም ነክሮ ብሩሹን አየር ላይ አቆመው።

«ቂም እያለ ዓይን አልከፍትም» አለ። «አንድ ጊዜ ከፍቼ ያመጣውን አይተሃል።»

«ቂሙ ያለው እኔ ሆድ ውስጥ ነው፤ አንተ ምን አገባህ?»

«እጄን የምትመራው አንተ ነሃ።»

ስምዖን ወደ ወንበዴው ፊት አየ፣ ወደ ነጋ አየ፤ ያቺን ከሞላ ጎደል የሄደች ቀኝ ዓይን ለረጅም ጊዜ አያት። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ በክንዱ ጠረገው።

«ያንን ካፖርት አንተ ነህ የወሰድከው» አለ።

«እኔ ነኝ። ጋራዥ አለ።»

«አውቄው ነበር።» ትንፋሹን ለቀቀና የነጋን አንጓ ያዘ። «ክፈት። ወደ ቀኝ። ትንሽ ዝቅ። የስንዴ ቅንጣት ታህል ቀርቶሃል። ደረስክ፣ ንካ።»

ነካ። ሁለተኛውንም ነካ። ሲወርዱ ፊቱ ከላይ ሁለቱንም እያየ ነበር። የማንም ፊት አይደለም፤ የደከመ ሰው ፊት ነው። ያቺ የተቦጨቀች ጆሮ ግን እንዳለች ናት።

«እሷን ልረሳት ነበር» አለ ነጋ። «ላጥፋት?»

«ተዋት» አለ ስምዖን። «ቢያንስ ይሰማል።»

እሁድ ገመዱን የሳበው ስምዖን ነው። እልልታው የመጋዘኑን ጣሪያ አናወጠው። ነጋ ከወንዶቹ ጋር ፊት ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ቀኝ አዙሮ፣ የሰው ዓይን ወዴት እንደሚሄድ ይጠብቃል፤ እግሩ አሁንም አላረፈለትም። ሕዝቡ እመቤታችንን ያያል፣ የጌታን ጎን ያያል፣ ያለቅሳል። ጸሎቱ ሲያልቅ ቀሲስ ፍስሐ መስቀላቸውን ይዘው ሥዕሉ ሥር ለረጅም ጊዜ ቆሙ። ከዚያ በእጃቸው ጠሩት። የሰበካ ጉባኤው ሰዎችም ተከትለው ከበቧቸው፤ ስምዖን ከነጋ ቀኝ መጥቶ ቆመ።

«ነጋ» አሉ ቀሲስ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የመሪጌታ ሕሩይ ልጅ ይህን ይስታል አልልም። ጌታን የሰደበውን በሁለት ዓይን ሥለኸዋል። ዓይንህ ነው?»

ነጋ የቀረችው ዓይኑ የግራውን ወንበዴ እስክታገኝ ፊቱን ቀስ ብሎ አዞረ።

«አልሳትኩም፣ አባታችን» አለ። «ገና አልሞተም እኮ።»